ደሳለኝ የጠበቀው በር

ሐሙስ፣ ጥር 16 ቀን 2005 ዓ.ም.

ልጄ ሊመጣ ነው! ደሳለኝ ከዱባይ ሊመጣ ነው! አሁን ደውሎ ነገረኝ። ከአራት ዓመት በኋላ! እየተጣደፍሁ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌን ያየ ሰው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች አይለኝም። ቅዳሜ አዲስ አበባ፣ ሰኞ ንፋስ መውጫ።

የሚሠራ፦ ጠላው ዛሬውኑ ይጠንሰስ። በግ። ግድግዳው ይለቅለቅ። ሰፈሩ ይጠራ።

የልጄን ሥራ ማውራት አይሰለቸኝም። ትልቅ ፎቅ ይጠብቃል። ድርጅቱ የእንግሊዞች፣ አለቃው የኔፓል ሰው፣ ካሜራው የቻይና፣ በሩ ላይ የሚቆመው የኛው የጋይንት ልጅ! ዓለም አንድ ቀበሌ ሆናለች።

ነገ ለጎረቤቴ ለእትዬ ብርቄ ፎቶውን አሳያቸዋለሁ። ልጃቸው ሙሉ ከዚያው ከተማ ተባርራ ከመጣች ወር ሆናት፤ ከቤት አትወጣም። ምናልባት ጨዋታው ያነቃቃት ይሆናል።

ዓርብ፣ ጥር 17

ምነው እግሬን በሰበረው።

ስልኬን ይዠ ሄድሁ። ደሳለኝ ዩኒፎርም ለብሶ፣ ሬዲዮውን ትከሻው ላይ ሰክቶ፣ ከመስታወት በር ፊት ቆሟል። እትዬ ብርቄ፣ «እሰይ! ሹም መስሏል እኮ!» አሉ። ሙሉ ስልኩን ተቀበለችኝ። ብዙ አየችው። «ይሄን በር አውቀዋለሁ» አለችና ጓዳ ገባች።

እናቷ ተከትለዋት ገብተው ሲወጡ ፊታቸው ሌላ ሆኗል። ሙሉ የምትሠራው እዚያ ፎቅ ላይ ነበር። አሠሪዋ ደመወዟን ከልክላት፣ ፓስፖርቷን ቆልፋባት፣ አንድ ጠዋት አምልጣ ወረደች። በሩ ዝግ ነው። በሩ ላይ ባለው መነጋገሪያ፣ «ያገሬ ልጅ ካለህ ክፈትልኝ!» ብላ በአማርኛ ጮኸች። የከፈተላት የለም። ፖሊስ መጥቶ ወሰዳት። ዘበኛው ማን እንደነበር አላየችም።

«ሌላም ዘበኛ ይኖራል እኮ» አልሁ።

«ይኖራል» አሉ እትዬ ብርቄ፤ ስልኬን መለሱልኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

አዲስ አበባ ገብቶ ደወለ። እንኳን ደህና ገባህ ሳልለው የሙሉን ነገር ጠየቅሁት፤ እኔ ታንጉት!

«እማ፣ እኔ ነበርሁ፤ ያን ቀን ካሜራው ክፍል ተቀምጬ። ፊቷን ተሸፍና ነበር፣ በካሜራው አላወቅኋትም። አማርኛዋን ግን ሰማሁ። በሩ ከዚያው የሚከፈተው በኔ አሻራ ነው፤ ማን እንደከፈተ ወዲያው ይታወቃል። ብከፍት እኔም እታሰር ነበር። የእትዬ ብርቄ ሙሉ መሆኗን ያወቅሁት ፖሊስ ከወሰዳት በኋላ ስሟን መዝገብ ላይ ስጽፍ ነው።»

ሥራውን ትቶ የመጣው ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ የኔ ናፍቆት መስሎኝ።

ሰደብሁት። ከዚያ አለቀስሁ። ሌባ እንዳይገባ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሰው እንዳይወጣም ይጠብቃል። ቀና ብዬ ጣራዬን አየሁት። ቆርቆሮው እሱ የላከው ነው።

እሑድ፣ ጥር 19

ከቅዳሴ መልስ ድንጋይ ተሸክሜ እትዬ ብርቄ ደጅ ቆምሁ። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚለምን የበደለው ራሱ ነው፤ እኔ ግን እስኪመጣ ምን አንጀት አለኝ!

«ምን ሆነሻል አንቺ? ወገብሽን ልትቆርጭ ነው? ይሄን የሚያክል ድንጋይ ከየት አመጣሽው?»

«ከእርስዎው አጥር ሥር።»

«ጉድ! ደግሞ አጥሬን አፈረሽልኝ!»

ሁለታችንም እያለቀስን ሳቅን። ሙሉ አልሳቀችም። ደሳለኝ ያለኝን ስነግራቸው እንዲህ አለች፦

«እትዬ ታንጉት፣ ያውርዱት። ሸክሙ የእርስዎ አይደለም። እሱ ራሱ ይምጣና ይሸከመው። ይቅር እለው እንደሆነ ግን እንጃ።»

አወረድሁት። እውነቷን ነው። ነገ ከመኪና እንደወረደ መጀመሪያ የሚሄደው እነሱ ደጅ ነው፣ እኔን ከመሳሙ በፊት።

ድግሱን ልተወው ብዬ ነበር። ግን ሙሉም እኮ ከዚያ ሁሉ ወጥታ በሕይወት ገብታለች። ለሷ ማን ደገሰላት? ማን እልል አለላት? እኔም አላልሁም። እንግዲህ ድግሱ የሁለቱም ነው፤ ብትመጣም ባትመጣም መጀመሪያ የሚጠራው የሷ ስም ነው። ማክሰኞ፣ ጥር 21፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ሰፈሩ ሁሉ ይምጣ፤ ማንም እንዳይቀር።