ጭራቁ ሲመጣ የሚሰማው ድምፅ

ኤልሹዬ፣

ታክሲው፣ ማታቱ እንዳያመልጠኝ እየሮጥኩ ነው፤ ጊጊሪ ሰፈር ስብሰባ አለኝ። ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፣ የመብራት ቆጣሪው ላይ ቶክን ሞልቻለሁ።

አሁን ቁጭ በይ።

ጌም ስትጫወቺ ላይቭ ያስተላለፍሽውን በሙሉ ሰብስቤ ቢሮ ወስጄዋለሁ። የጌም ሙዚቃ ለሚያጠኑ ሰዎች በነፃ የምንለቀው የድምፅ ስብስብ፣ ዳታሴቱ ውስጥ አስገባሁት።
ሳላስፈቅድሽ። አዎ።

ግን ጉዱን ስሚ! ሙዚቃን ከሰው ድምፅ እንዲለይ ያሠለጠንነው ኮምፒውተር ምን ቢማር ጥሩ ነው? ትልቁ ጭራቅ ብቅ ሲል ሙዚቃው ራሱ «በኢየሱስ ስም!» ብሎ የሚገሥጸው መሰለው! ቢሮው በሳቅ ፍርስ አለ፣ እኔማ እንባዬ መጣ። ጭራቁ ሲመጣ የምትጮኺውን ጸሎት ሙዚቃ ብዬ የመዘገብኩት እኔው ነኝ። አስተካክዬዋለሁ።

ዳታሴቱ ዛሬ ከሰዓት ይለቀቃል። የፈቃድ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ፈርመሽ ፎቶውን ካልላክሽልኝ ያንቺን ከውስጡ አወጣዋለሁ፣ አልቀየምሽም።

ቅዳሜ ስለ ጩኸትሽ የተናገርኩትን ደግሞ...
በቃ፣ ሽሮውን አሙቂው።

ከመወሰንሽ በፊት ግን ላፕቶፔ ላይ የከፈትኩልሽን ቅጂ በሄድፎን ስሚው። አንቺ ጭራቁን በገሠጽሽው ቁጥር፣ ከግድግዳው ማዶ፣ ከጎረቤት፣ ቀስ ብላ «አሜን» የምትል ሴት አለች።

ሐሴት