ፈቃዱን ያልሰጠው አሻንጉሊት

ይድረስ ለክቡር አቶ ምሳው፣ በሰቆጣ ከተማ የሚገኘው የጤና ኮሌጅ ዲን፤ የኮሌጁን ስም ለክብሩ ስል አልጠራም። ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ሁሉ።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ በግቢው በር ላይ የቆሙት ዘበኛ፣ እርስዎን ተሸክሞ የሚውለው ወንበር ጭምር ደኅና ናቸው ወይ? ዝናቡስ በእርስዎ በኩል ጠብ አለ? ሰላምታ ማስረዘም በኮሌጅዎ ከፈተና እንደሚጥል በቅርቡ የተማርኩ ቢሆንም፣ እኔ ተፈታኝ ስላልሆንኩ እንደ ልቤ ጠይቄዎታለሁ።

መሪጌታ ገብረ አማኑኤል እባላለሁ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ዜማ በማስተማር ነው፤ ከዓምና ወዲህ ግን ሳልወዳደር፣ ሳልቀጠርና የሹመት ደብዳቤ ሳይደርሰኝ የኮሌጅዎ አሻንጉሊት ሆኜ እያገለገልኩ እገኛለሁ። ነገሩ ለማያውቁት አንባቢዎች እንዲገባ ከመጀመሪያው ልነሳ።

የነርስነት ተማሪዎች መርፌ መውጋት፣ ሙቀት መለካትና ቁስል ማጠብ ይለማመዱበት ዘንድ ሙሉ ሰው የሚያህል የፕላስቲክ አሻንጉሊት በእርዳታ ወደ ኮሌጅዎ የመጣ ዕለት፣ ከበሮ ይዘው ከተቀበሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። እርስዎ ንግግር አደረጉ፤ እኛም አሸበሸብን። በማግስቱ አሻንጉሊቱ መጋዘን ገባ፣ ቁልፉም ለንብረት ክፍል ኃላፊው ለአቶ ትእዛዙ ተሰጠ፣ አቶ ትእዛዙም ቁልፉን በአንገታቸው አሰሩት። ከዚያ ወዲህ አሻንጉሊቱ ከነመጠቅለያ ላስቲኩ በሰላም ያርፋል። በኮሌጅዎ የምትማረው የእህቴ ልጅ ሶስና ደግሞ የምትለማመድበት ገላ ስታጣ፣ አጎቷን እኔን አልጋ ላይ አስተኛችኝ። ስለሆነም ምስጋናዬንና አቤቱታዬን አንድ ላይ አድርጌ እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ንብረት አያያዝዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በዚህ ረገድ ብዙ ስንሳሳት ኖረናል። ከበሮውንና ጸናጽሉን ለደቀ መዝሙር ሰጥተን፣ ቆዳው እስኪሳሳ ሲመታ፣ ዘንጉ እስኪላላ ሲያንሿሽ ከርሞ ነበር ወደ ፈተና የምናቀርበው። ከበሮውን ቆልፈን፣ ልጁን በሐሳቡ እንዲመታ አድርገን፣ በመጨረሻው ቀን አውጥተን ብንፈትነው ኖሮ ስንት ከበሮ ይተርፍ እንደነበር ሳስበው ይቆጨኛል።

ሁለተኛ፦ በአሻንጉሊቱ ፈንታ ስለሠራሁት ሥራ በሥርዓቱ ላስረዳ። የልቤ ምት በየማለዳው ተቆጥሯል። ራሴ ሳይቆስል ከግንባሬ እስከ አገጬ በፋሻ ተጠቅልዬ፣ ፋሻውን መፍታት ረስቼ ለማታ ጸሎት ቤተ ክርስቲያን ደርሻለሁ፤ ምእመናኑም ማን እንደፈነከተኝ እየተጠያየቁ ከሁለት ተከፍለው ሊጣሉ ለጥቂት ተርፈዋል። የማዋለድ ምዕራፍ ሲደርስ ደግሞ፣ ከቤት ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ ሆዴ ላይ ትራስ ታስሮልኝ ምጥ የያዛት ሴት ሆኜ ተኝቻለሁ። ሶስና «ይግፉ የኔታ፣ ትንሽ ነው የቀረው» እያለች ስታበረታታኝ፣ እኔም እንደ አቅሜ ስገፋ፣ ወንፊት ልትዋስ የመጣችው ጎረቤታችን ባንቺ በሩን ከፍታ ቆመች። ወንፊቱን ሳትወስድ ተመለሰች። በእሑዱ ከቅዳሴ ስንወጣ የደብራችን አለቃ እጄን ይዘው፣ ፊታቸው ሳይፈታ፣ «እንኳን ማርያም ማረችዎ» ብለውኛል። ዛሬም ድረስ ወንድ ይሁን ሴት የሚጠይቀኝ አልጠፋም። አሻንጉሊቱ በዚያን ሰዓት መጋዘን ውስጥ ተኝቶ ስለነበር ክብሩ አልተነካም፤ ለዚህም እግዚአብሔር ይመስገን።

ሦስተኛ፦ ይህ ስለ ኮሌጁ መጸዳጃ ቤት የተጻፈ ነበር። ባለቤቴ አንብባው፣ ጾም ላይ ነን አውጣው ስላለችኝ አውጥቼዋለሁ።

አራተኛ፦ ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን ሶስና የሙቀት መለኪያውን ምላሴ ሥር ልታደርግ ስትል፣ ቅዳሴ ሳይወጣ በአፌ ምንም እንደማይገባ ነገርኳት። «የኔታ፣ ይኼ እኮ አይዋጥም» ብላ ተከራከረችኝ። እኔም አልበገር አልኩ። ነገሩ ከንስሐ አባታችን ዘንድ ደርሶ በብብት ይሁን ተብሎ ተበየነና ታረቅን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቱ የማንንም አፍ ከመንካቷ በፊት ጾም ይዞ እንደሆነ ትጠይቃለች። ይህም በፈተናው ቀን ምን እንዳመጣባት ወደ ታች ይመለከቱታል።

ወሬው ተሰማና ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ደጄ ላይ ካለው መደብ ይቀመጥ ጀመር። ሶስና ከአንዲት ዘመዷ በተዋሰችው መለኪያ የደም ግፊት ትለካለች፤ ከፍ ያለበትን ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። በገበያ ቀን ከሰቆጣ ዙሪያ ገጠር የሚመጡ፣ ግፊታቸው አልወርድ ያለ አንዲት እናት አሉ፤ ስማቸውን ለጊዜው ልያዘው። ጤና ጣቢያ ሂዱ ሲባሉ እምቢ ያሉት ሴትዮ ሶስናን ግን እሺ አሏት። እሺ ያሉትም እንደ ወጉ ነው። እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ ጨዋ ሰው በመጀመሪያ ጥያቄ እሺ አይልም። ክንድዎን ልለካዎት ሲባሉ «አይ፣ ይቅርብኝ ልጄ» ይላሉ። ሁለተኛ ሲጠየቁ «ኧረ አትድከሚ» ይላሉ። በሦስተኛው «እንግዲህ ካልሽ» ብለው እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ። እኔ ራሴ ከዚህ ሥርዓት አንድም ቀን ጎድዬ አላውቅም። ሶስናም መጠየቅን፣ መታገሥንና ደግሞ መጠየቅን በዚህ መደብ ላይ ተማረች።

አምስተኛ፦ የፈተናው ቀን። በጽሑፍ ፈተናው ከክፍሏ የሚደርስባት እንዳልነበረ እርስዎም ያውቃሉ። የተግባር ፈተናው መመሪያ፣ ተፈታኟ ታካሚውን ሰላም ትበል፣ ራሷን ታስተዋውቅ፣ የምትሠራውን ታስረዳ፣ ፈቃዱንም ሳታገኝ እንዳትነካው ይላል። ልጅቱ ይህን እንደ ዳዊት ስትደግመው ነው የከረመችው። እናም ገባች። ላስቲኩን እንደለበሰ የተጋደመውን አሻንጉሊት፣ አፏ እንደለመደ፣ «እንደምን አደሩ የኔታ» አለችው። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀችው። ዝም አላት። አማርኛ አይሰማ ይሆናል ብላ ሰላምታውን በአገሬው ቋንቋ በኽምጣኛ ደገመችለት፤ ነገ ሰሃላ ወይም ኒሯቅ ተመድባ የምትሠራ ነርስ በኽምጣኛ ባትሞክር ነበር የሚገርመኝ። አሁንም ዝም አላት። ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር፣ የሙቀት መለኪያውን አንስታ ጾም ይዞ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀችው።

በዚህ ጊዜ ፈታኙ መምህር ጣልቃ ገብተው አሻንጉሊት እንደማይጾም አስታወቁ። ክቡር ሆይ፣ ከምን ተነሥተው ይህን እንዳሉ ቢጠይቁልኝ ደስ ይለኛል። አሻንጉሊቱ ወደ ከተማችን ከገባ ጀምሮ እህል ውኃ ሲቀምስ ያየው የለም፣ ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም፣ ከበአቱም አልተነቃነቀም። እኔ በዚህ አገር ብዙ ገዳማዊ አይቻለሁ፤ እንደ እሱ ያለ ጾመኛ ግን አላጋጠመኝም።

ከዚያ ፈቃዱን ጠየቀችው። አልመለሰም፤ የመጀመሪያው እምቢታ ነው ብላ ታገሠች። ሁለተኛ ጠየቀችው፤ አልመለሰም። ሦስተኛ ጠይቃው እንግዲህ ካልሽ እስኪላት ስትጠብቅ ሰዓቱ አለቀ። ብርድ ልብሱን አስተካክላለት፣ «እግዜር ይማርዎ» ብላው ወጣች። ፈታኙም ከውጤቷ ሥር «ከታካሚ ጋር ወሬ ታበዛለች፤ ምንም አልሠራችም» ብለው ጻፉ።

እኔ ግን ጥፋቱን በሶስና ላይ አላየሁትም። ሰላምታ በሁለት ቋንቋ ቀርቦለት ያልመለሰ፣ እንግዳ ቆሞ ሲለምነው አይ ወይም እሺ ማለት ያቃተው አሻንጉሊት አሳዳጊ የበደለው ነው፤ አሳዳጊዎቹም እርስዎና አቶ ትእዛዙ ናችሁ። ሌሎቹ ተፈታኞች እንደምን አደርክ እንኳ ሳይሉት ገብተው፣ አሻንጉሊቱ እንዳይበሳ ተከልክሏልና ከላስቲኩ በላይ ያለውን አየር ወግተው፣ በጥሩ ውጤት አልፈዋል። በመጪው ዓመት የዋግ ኽምራ አየር ከሕመም ሁሉ ነፃ እንደሚሆን ተስፋዬ ጽኑ ነው።

ስድስተኛ፦ ሶስና ድጋሚ ልፈተን ብላ ስታመለክት፣ አሻንጉሊቱ ከመጋዘን የሚወጣው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ የሚመጣውን ዓመት እንድትጠብቅ ተነገራት። እኔም ለማስረዳት ቢሮዎ ድረስ መጣሁ፤ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ። ስብሰባው ስለ ምን እንደነበረ ዘበኛዎን ብጠይቃቸው፣ ለአሻንጉሊቱ የአቧራ መከላከያ ሁለተኛ ላስቲክ ስለማልበስ መሆኑን ነገሩኝ። ጉዳዩ አንገብጋቢ በመሆኑ ሳልረብሽዎ ተመለስኩ።

ክቡር አቶ ምሳው፣ እስካሁን የጻፍኩትን እየሳቅሁ ጻፍኩት፤ የሚቀጥለውን ግን እንደዚያ መጻፍ አልቻልኩም። ሶስና ሰኞ ጠዋት በወልድያ መኪና ልትሳፈር ነው። ከወልድያ ወዲያ ያለውን መንገድ ደላላው ነው የሚያውቀው፤ በረሃ ነው፣ ባሕር ነው፣ ከባሕሩ ማዶ ሳውዲ ነው። አብራት ያደገች ጓደኛዋ በዚሁ መንገድ ሄዳ እስከ ዛሬ ድምጿ አልተሰማም። የሶስና እናት፣ እህቴ ለተሥላሴ፣ የልጇን ነጠላ እያጠበች ታሰጣለች፣ ሳይደርቅ አንሥታ እንደገና ታጥባለች። ሶስና ግን አንድ ዓመት ሙሉ ምን እያደረግሁ ልቀመጥ ትለኛለች። እፈራለሁ። ያን የፋሻ ጫፍ ሲያስር የማይንቀጠቀጥ እጅ የሰው ቤት ወለል ሲፈትግበት፣ ወይም ከዚያ የባሰው ሲደርስበት ይታየኛል፤ እንቅልፍም አጥቻለሁ።

ስለዚህ ልመናዬ አንዲት ናት። አሻንጉሊቱን ከዕረፍቱ አይቀስቅሱት፤ ሶስናን በእኔ ላይ ይፈትኗት። እስከ ሰኞ ባለው ቀን፣ በፈለጉት ሰዓት መጥቼ እተኛለሁ። ላስቲክ የግድ ነው ከተባለ ከአፍንጫዬ በታች ይጠቅልሉኝ። ሰላምታዋን አሳጥሬ እመልሳለሁ፤ ስለ ከብቱ እንዳትጠይቀኝም ቀድሜ አስጠነቅቃታለሁ። መርፌው እውነተኛ ይሁን፤ ይብሳኝ፣ እኔ በንብረት መዝገብ አልተመዘገብኩም። ፈቃደኛ ነዎት ወይ ስትለኝም፣ በዚህ ዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋነቴን ትቼ፣ በአንደኛው ጥያቄ እሺ እላለሁ።

የማይበሳውን በመጠበቅ፣ የሚታመመውን ደግሞ ለራሱ በመተው ላሳዩት ትጋት ያለኝን አድናቆት እየገለጽኩ፣ ለመጋዘንዎ ደረቅ ወራት፣ ለአቶ ትእዛዙ አንገት ብርታት፣ ለእርስዎም ከነርስ እጅ የማያደርስ ሙሉ ጤና እመኛለሁ።

ሳይሾም ያገለገለ፣ ሳይወልድ የታረሰ፣
መሪጌታ ገብረ አማኑኤል
የኮሌጅዎ ተጠባባቂ አሻንጉሊት

ማሳሰቢያ፦ ስማቸውን ይዤው የነበሩት እናት ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ናቸው፤ የእርስዎ ወላጅ እናት። ልጃቸውን ከሥራ እንዳያስፈቱ በማለት ሕመማቸውን ሳይነግሩዎት ቆይተዋል። ባለፈው የገበያ ቀን እንደ ልማዳቸው ሊለኩ መጥተው ሶስናን አጧት፤ መጽሐፎቿን ለታናናሾቿ ልታድል ሄዳ ነበር። መደቡ ላይ እስከ ማታ ጠበቋት። በኋላ ምክንያቱን ስነግራቸው፣ «ልጄ እዚያ ቤት አለቃ አይደል እንዴ? ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁኝ። ለእናት መዋሸት ስለከበደኝ፣ አሻንጉሊት ይጠብቃል አልኳቸው። ሰኞ፣ መኪናው ሳይነሳ በፊት፣ ቢሮዎ እንደሚመጡ እንድነግርዎ አዘዋል። ስብሰባ ላይ ነው ቢባሉ ይቀመጣሉ፤ ግፊታቸውንም ከሶስና በቀር ማንም እንዲለካቸው አይፈቅዱም፤ ሦስቴ ቢጠየቁም።