ውሃው እስኪከፈት

ለምወድሽ እታለም፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ሕፃኗ ጥርስ አወጣች ወይ? ባልሽና እማማስ እንዴት ናቸው? እኔ ንዴቴን ካልቆጠርሽብኝ ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አለቃህን አዋርደሃልና እግሩ ላይ ወድቀህ ይቅርታ ጠይቅ ብለሻል። አለቃዬ የባልሽ ወንድም፣ ዋርሳሽ፣ ስለሆነ መሀል ገብተሽ እንደተጨነቅሽ ይገባኛል። ግን የነገረሽ ግማሹን ነው፤ ግማሹን ውጦታል!

እብነ በረድ ስንቆርጥ መጋዙ ላይ ውሃ ይንቆረቆራል። ውሃው ብናኙን ይዞት ይወርዳል። ጭቃው ግን ወለሉ ላይ ከደረቀ እንደ ሲሚንቶ ስለሚጣበቅ፣ እሱን መፋቅ በየቀኑ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ዋርሳሽ ለዚህች ሰዓት ሰስቶ ውሃውን ዘጋው። ደረቅ አቧራ በመጥረጊያ ብቻ ይነሳል አለን። አዎ፣ ይነሳል! ተነስቶ የት እንደሚሄድ ማን ጠየቀው? ሻካራው ይወድቃል፤ የላመው ግን ለዓይን ሳይታይ ይንሳፈፋል፣ እኛም እንስበዋለን።

ከሥራ ስንወጣ ልብሳችን ላይ በመንፊያ አየር እየነፋን ጸዳን እንላለን። መጋዙ እየጮኸ እንኳ ማፏጨት የማይተው የነበረው ባልደረባዬ፣ «ዋሽንት» የምንለው፣ አሁን አንድ ፎቅ ለመውጣት ሁለቴ ይቀመጣል። ሐኪሙ፣ ሳንባህ ላይ የተጣበቀው ከእንግዲህ አይራገፍም ብሎታል። ማፏጨቱን ትቷል።

ይህን የሰማሁ ዕለት ደሜ ፈላ። ሄጄ ውሃውን ከፈትኩት፤ ዋርሳሽ ዘጋው። ደግሜ ከፈትኩና የቧንቧውን እጀታ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። እሱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በፒንሳ ጠምዝዞ ዘጋው! ያኔ ነው በሠራተኛው ሁሉ ፊት የትንፋሽ ሌባ ያልኩት። ይቅርታ እስክጠይቅ ከሥራ አግዶኛል። ቁርጡን ንገሪው፤ ውሃው እስኪከፈት አልጠይቅም።

አሁን እኔን ተይኝና ይህን ስሚኝ። በየወሩ ሊጠይቃችሁ ሲመጣ ያንኑ የሥራ ጃኬት ለብሶ ነው፤ ሕፃኗንም ደረቱ ላይ ያስተኛታል። ጃኬቱ የጸዳ ይመስላል። ክሩ ውስጥ የተሰገሰገው ግን ልጅቷ ስትፈራገጥበት ይነሳል። በር ላይ አስወልቂው። እንዳታራግፊው አደራ፣ እንዳለ ውሃ ውስጥ ንከሪው። ለምን ብሎ ከተቆጣ፣ ውሃ አቧራ እንደሚይዝ አንተም ታውቃለህ በይው።

ባልሽን፣ በወንድሜ ላይ ተቆጣ ብሎ እንዳይቀየመኝ፣ ሰላም በይልኝ። እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ሕፃኗን ግን እኔው ራሴ መጥቼ፣ ታጥቤ እስማታለሁ።

ወንድምሽ

ከመቁረጫ ቤቱ ጀርባ፣ ከኪራይ ክፍሌ
ኅዳር 12 ቀን