የስድሳ ቀኑ ደንብ

ሐሙስ፣ መጋቢት 9 ቀን
ፈቃድ ክፍል፣ ሁለተኛ ፎቅ

ለልጄ እናት፣

እንዴት ከረማችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ስልክሽ ኮረብታው ጫፍ ካልወጣሽ እንደማይሠራ ስለማውቅ ይህን በአውቶቡስ ሾፌሩ እጅ ልኬዋለሁ። ልጃችን የሳለችኝ ሥዕል ደርሶኛል። አፍንጫዬን አግንናዋለች እንጂ እኔው ነኝ።

በደብዳቤሽ የጠየቅሽኝ ስለ ኢንተርኔቱ መስመር ብቻ ነው። ስለ እኔ አለመጠየቅሽ ገብቶኛል። ስለ መስመሩ ልንገርሽ።

ደኑ ጠርዝ ደርሶ ከቆመ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከዚያ እስከ ጤና ጣቢያሽ የቀረው ሦስት ኪሎ ሜትር ቦይ ነው፤ ያውም በመኪና መንገዱ ዳር። መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ ግን ያለ እኛ ክፍል ፈቃድ አካፋ አይነሣም።

አምና ነገሩን ለማፋጠን ከበላይ ደንብ ወጣ። ለመስመር ዝርጋታ የቀረበ ማመልከቻ በስድሳ ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘ እንደተፈቀደ ይቆጠራል ይላል። አለቃችን አንድ ቀን ሙሉ አነበበውና ስብሰባ ጠራን። ሰውየውን እዚህ ሁላችንም “ተጣርቶ ይቅረብ” እንለዋለን፤ በፋይል ላይ ሌላ ነገር ጽፎ አያውቅም። እያንዳንዱ ፋይል በሃምሳ ስምንተኛው ቀን ሰነድ ጎድሎታል ተብሎ ይመለስ፣ እንደገና ሲገባ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል አለን። እኛም እንደ ተማሪ ማስታወሻ ያዝን። ማንም አልሳቀም። አሁን ኮሪደሩ ላይ በቀለም የታተመ ሰንጠረዥ ተሰቅሏል፤ “ጊዜው ያለፈበት ማመልከቻ፦ ዜሮ” ይላል። ጎብኚ ሲመጣ አለቃችን እሱ ሥር ቆሞ ፎቶ ይነሣል።

የመስመሩ ኢንጂነር ፋይሉን አራት ጊዜ አስገብቷል። መጀመሪያ ካርታው ደብዛዛ ነው ተባለ። ቀጥሎ የዛፍ ቆጠራ አምጣ ተባለ። ቦዩ በሚያልፍበት ዛፍ ስለሌለ፣ ባለሙያ ቀጥሮ የሌለውን ዛፍ አስቆጥሮ መጣ። በሦስተኛው የዛፍ ቆጠራው አንድ ወር አልፎታል ተባለ። ያለፈው እኛው ዘንድ ተቀምጦ ነው። ያን ዕለት ጠረጴዛዬ ፊት ቆመና፣ “ወንድሜ፣ ቁርጡን ንገረኝ። ጉቦ ነው የምትፈልጉት?” አለኝ።

“እዚህ ቤት ጉቦ አይበላም” አልኩት።

“እሱ ይሻል ነበር” አለና ሄደ።

ፋይሉ የተመለሰባቸውን ሦስቱንም ደብዳቤዎች የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። ፊርማው የአለቃዬ ነው፣ ቃሉ ግን የእኔ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው “ከአክብሮት ጋር” የእኔ ናት። ሦስተኛውን ያረቀቅኩት፣ ያቺን እርጉዝ ሰባት ሰዓት መንገድ ማንገላታት ያስፈልግ እንደሆነ ለመጠየቅ የአልትራሳውንድ ምስሏን በፍላሽ ለከተማው ሐኪም በላክሽበት ሳምንት ነው። ቶሎ አምጪያት የሚለው መልስ ሲደርስሽ ከተቀበረች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ያን ጊዜ፣ “ፋይሉን የያዘውን ሰው ባወቅኩት” ብለሽ ጻፍሽልኝ። እኔም አጣርቼ እነግርሻለሁ ብዬ መለስኩልሽ። በዚህ ቤት ካሉት ሁሉ የምንቀው ማንን እንደሆነ ከዚህ በላይ አላብራራም።

አራተኛው ፋይል ሰኞ ሃምሳ ስምንት ቀን ሞላው። ተጣርቶ ይቅረብ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝና የጎደለውን ፈልጌ እንዳረቅቅ አዘዘኝ። አገላበጥኩት። አንዱ ገጽ ማኅተም የለውም፤ የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ አንድ ነገር ያገኛል። ፋይሉን መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። ማክሰኞ ሲጠይቀኝ በመረቀቅ ላይ ነው አልኩት፤ እዚህ ይህን መልስ የሚጠራጠር የለም። ትናንት ስድሳኛው ቀን ነበር። አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ሁሉም እንደ ወትሮው ኮቱን አንሥቶ ወጣ። እኔም ወጣሁ።

ዛሬ ጠዋት ለኢንጂነሩ ደወልኩለት።

“ማን ፈረመው?” አለኝ።

“ማንም። ቆፍር።”

ሰኞ ይጀምራሉ። ሰዎቹ ውኃና ማደሪያ ሊጠይቁሽ ይችላሉና አትከልክያቸው።

ሰንጠረዡ የሚታደሰው በወሩ መጨረሻ ነው። ዜሮው አንድ ሲሆን አለቃዬ መሳቢያዬን ያስከፍታል፤ እኔም ረሳሁት አልልም። ስለዚህ ከዚህ ወር በኋላ በመሥሪያ ቤቱ አድራሻ አትጻፊልኝ። ሌላ አድራሻ ለጊዜው የለኝም። ለሟቿ ባል ደብዳቤዎቹን ማን እንደጻፋቸው ንገሪው። እኔ ልነግረው ይገባ ነበር፤ ግን ስሙን እንኳ አላውቀውም።

እጆችሽን ይባርክልኝ፤ የሚቀበሏቸውን ሕፃናት ሁሉ ከእናቶቻቸው ጋር ያኑርልሽ። ልጃችንን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ።

የልጅሽ አባት