ጣት እስኪያርፍ የሚጠብቅ ቁልፍ

ጥቅምት 4

ሊፍት ውስጥ አዲሷ ጎረቤት ሥራዬን ጠየቀችኝ። ሰው ከስልክና ከኮምፒውተር ጋር እንዴት እንደሚግባባ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች አሉ፣ እኔ ስታቲስቲክሱን አግዛቸዋለሁ አልኳት። "ውይ፣ ሒሳብ" ብላ በአዘኔታ አየችኝ። አዝና ወረደች።

ተመራማሪዎቼም ያው ናቸው። የትኛው ገጽ ሰውን እንደሚያደናግር አንዴ አይተው ይነግሩሻል። ቁጥር ላይ ሲደርሱ ግን ጥርስ ሊነቀልላቸው እንደመጡ ልጆች ይሆናሉ። ዛሬ ሦስት መጡ፤ ሦስቱም መረጃቸውን ሰብስበው ከጨረሱ በኋላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ... ውሻዋ እኔ ነኝ እንግዲህ። በሌለሁበት "እትዬ ቁጥር" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አልጠላሁትም።

አባባ ሰሞኑን ደውሎልኝ አያውቅም። ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምደውለው። አኩርፎ ይሆን?

ጥቅምት 7

አባባ ቤት ዋልኩ። አላኮረፈም። እጁ ነው።

ዕድሜውን ሙሉ ሰዓት ሲጠግን የኖረ ሰው። ከአሸዋ ቅንጣት የማትበልጥ ብሎን በወረንጦ ያነሳ የነበረ እጅ... ዛሬ ብርጭቆ ሲያነሳ ግማሹ ውሃ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። እሱም እንዳላየሁ አድርጎ ወለወለው።

ስልኩ ላይ የእኔ ስም ከልብስ ሰፊው ስም በላይ ነው። እኔን ሊነካ ጣቱ ይንሸራተትና ልብስ ሰፊው ጋ ይደወላል። ደጋግሞ። በመጨረሻ ልብስ ሰፊው፣ ሰውዬው ምን ቢሆኑ ነው ብሎ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቤቱ ድረስ መጣ። አባባ በሐፍረት አንድ ሱሪ አውጥቶ አሳጥርልኝ አለው። ምንም ማጠር የማያስፈልገው ሱሪ። አሁን ቁርጭምጭሚቱ ይታያል። ሳቅን፣ ሳቅን... ከዚያ "ሰው ከማስቸግር ብዬ መደወሉን ተውኩት" አለኝ።

ብቻውን ነው የሚኖረው። ቢወድቅ ማንን ይጠራል? ወንድሜ እኔ ቤት ይግባ ይላል። አባባ ከሰዓት ጠረጴዛው መለየት አይፈልግም። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ጥቅምት 9

ባለቁልፏ መጣች። ዶክትሬቷን የምትሠራ ልጅ ናት፤ ስትናገር እጆቿ አርፈው አያውቁም። በስልክ ስክሪን ላይ የሚነካ አዲስ ቁልፍ ፈጥራለች። የተለመደው ቁልፍ ጣት ገና ሲነካው ይሠራል። የሷ ይጠብቃል። ጣት ቢንቀጠቀጥ፣ ቢንሸራተት፣ ዝም። ጣት ሲያርፍ ያኔ ይሠራል። በአረጋውያን መዋያ አሥራ ሁለት ሰዎች ሞክረውታል፣ በድሮውም በአዲሱም አርባ አርባ ጊዜ እየነኩ። ስህተት ቀንሷል። ፒ ቫልዩው ከዜሮ ጋር ጎረቤት ሆኗል።

ፒ ቫልዩ ማለት ቁልፉ ምንም ባይጠቅም ኖሮ ይህን የሚያህል ልዩነት በአጋጣሚ የማየት ዕድል ነው ብዬ ስንቴ አስረዳሁ... ለእነሱ ያው የማለፊያ ነጥብ ነው። ጽሑፉ በወሩ መጨረሻ ለጉባኤ ይላካል። ከእኔ የሚፈለገው "ደህና ነው" የምትል ቃል ብቻ።

ደስ አለኝ። ከልክ በላይ ደስ አለኝ። ሰንጠረዡን ሳይሆን የአባባን ጣት ነበር የማየው። ነገ በደንብ ልየው አልኳት።

ጥቅምት 10

የወደድኩትን ውጤት አስቀድሜ እጠረጥራለሁ፤ የሙያ ጠባይ ነው። ዛሬ ግን ፋይሉን ለመክፈት ለገምኩ። ሻይ ጠጣሁ። ጠረጴዛ ወለወልኩ። ሌላ ሻይ።

ከፈትኩት። አሥራ ሁለቱን ሰው አራት መቶ ሰማንያ ሰው አድርጋ ነው ያሰላችው። ኮምፒውተሩ እያንዳንዷን ንክኪ በየራሷ መስመር ይመዘግብላቸዋል፤ እነሱ መስመሩን ሰው ያደርጉታል። የነሱ ቤት ስህተት ናት፣ አውቃታለሁ። በየሰዉ አድርጌ ሳሰላው ልዩነቱ ከአጋጣሚ የሚለይ አልሆነም።

ዝም ብል ማን ያውቃል? እኔ።

ጥቅምት 11

ነገርኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ይህን ሁሉ መረጃ ይዤ እንዴት ያንሰኛል አለች።

"አንድ ምስክር አርባ ጊዜ ቢናገር፣ አርባ ምስክር ይሆናል?" አልኳት።

እጆቿ ቆሙ። እስከዛሬ ቆመው አላየኋቸውም።

"ታዲያ ቁልፌ አይሠራም?"

አላወቅንም አልኳት። "አላወቅንም" እና "አይሠራም" ይለያያሉ። በዚያች ሰዓት ለሚሰማው ሰው ግን አንድ ናቸው። ላፕቶፗን እንደ ሕፃን አቅፋ ወጣች።

ጥቅምት 13

አልመጣችም። ምነው አፌን በቆረጠው... አይ። መናገር ነበረብኝ።

ጥቅምት 16

መጣች። ዓይኗ አብጧል። ስለ እንቅልፍ ማጣት ምናምን አለች፣ ያመንኳት መሰልኩ። ዛሬ ፒ ቫልዩ የሚል ቃል ከአፋችን አይውጣ፣ ሰዎቹን አሳዪኝ አልኳት።

ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር አሰመርን። በግራ በድሮው ቁልፍ የሠሩት ስህተት፣ በቀኝ በአዲሱ። ስምንቱ መስመሮች ጋደም ያሉ ናቸው፤ አንዳንዱ እንዲያውም ከፍ ይላል። አራቱ ግን ቁልቁል ይወርዳሉ። ባለቁልፏ መስመሮቹን በጣቷ እየነካች ነገረችኝ። እኚህ ብርጭቆ በሁለት እጅ የሚይዙት እናት ናቸው። እኚህ ሲያወሩ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ የሚከቱት አባት... አራቱም እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ነው። አማካዩ ውጧቸው ነበር።

ይህንኑ ጽፌ እልካለሁ አለች፣ እጆቿ ተመልሰው መብረር ጀምረዋል። እሺ ልላት ምንም አልቀረኝም። ግን አራቱ ውጤቱን ካየን በኋላ የመረጥናቸው ናቸው። አሥራ ሁለት ሰው ውስጥ ደጋግመው ከፈለጉ የሆነ አራት አይጠፋም።

"እነዚህ አራቱ ጥያቄ ናቸው እንጂ መልስ አይደሉም። አሁን አስቀድመን እንጠይቅ።"

"ጉባኤው ያልፈኛል እኮ።"

ያልፍሻል አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ከዚያ ያቺን መስመር የተሰመረባት ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ጥቅምት 18

አማካሪ ፕሮፌሰሯ ጠራን። እሷው ናት አስቀድማ የነገረችው፤ ኮራሁባት። ፕሮፌሰሩ ግን ፊቱ ጠቁሯል። "ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽንም?" አለኝ።

"ቀደም ብላችሁ ስላልጠራችሁኝ" አልኩት።

ደግ ሰው ነው፣ ሳቁ መጣበት። ጥናቱ ይደገም አለ።

ኅዳር 2

እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሰዎች ብቻ። ግማሹ በድሮው ቁልፍ ይጀምራል፣ ግማሹ በአዲሱ። ምን እንደምንቆጥር፣ ምን እንደምንጠብቅ፣ አንድ ሰው ሳይነካ በፊት ጻፍን። ቃል ማሰር በሉት።

ስለ አባባ ነገርኳት። እስካሁን ለምን እንደደበቅኳት እንጃ። ልብስ ሰፊው ጋ ስደርስ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ እሳቸውንም እናስገባቸው አለች።

አይሆንም አልኳት። የማሰላው እኔ ነኝ፤ አባቴ ካለበት ልቤ ያጋድላል። ጥናቱ እስኪያልቅ አባባ ቁልፉንም አያየውም። ልቤን እያመመኝ ነው ያልኩት። ወንድሜ የአባባን ዕቃ የሚጭን መኪና እየጠየቀ ነው።

ታኅሣሥ 8

ለአባባ ደወልኩ። "ምነው አንቺ ብቻ ደዋይ ሆንሽ" አለኝ። ቀልዱ ነው።

ጥር 12

ዛሬ አሰላነው። በየሰዉ። ባለቁልፏ ራሷ አሰላች፣ እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከአሥር ንክኪ ሦስቱ ይሳሳት የነበረው ወደ አንድ ወርዷል። ፒ ቫልዩው ስንት ነው ብላ አልጠየቀችም። የጠየቀችው "ቢያንስ ምን ያህል ይጠቅማቸዋል፣ ቢበዛስ?" ብላ ነው። ይህቺን ጥያቄ ከእነሱ አፍ ለመስማት ስንት ዓመት ጠበቅኩ... አቀፍኳት።

ከሥራ በኋላ አባባ ቤት ሄድን። ቁልፉን ስልኩ ላይ ጫነችለት። እስኪ ይሞክሩት ስትለው እምቢ አለ። ሰው እያየው አይነካም፤ ኩሩ ነው። አልተጫንነውም።

ጥር 15

ስልክ የለም። እኔም አልደወልኩ። ይጠብቅ የተባለው ቁልፉ ነው ወይስ እኔ?

ጥር 19

ጠዋት አንድ ተመራማሪ መጣ፣ ገና አንድም መረጃ ሳይሰበስብ። ስንት ሰው ይበቃኛል፣ ከመጀመሬ በፊት ልጠይቅ ብዬ ነው አለ። ባለቁልፏ ናት የላከችው። በዚህ ወር ሦስተኛው ነው። ወንበር ሳብኩለት።

ገና ስንጀምር ስልኬ ጮኸ። አባባ ይላል።

"የልብስ ሰፊው ሱቅ ነው?"

ከወንበሬ ተነሳሁ።

"ሱሪ ላስረዝም ፈልጌ ነበር" አለ፣ ሳቁን መያዝ አቅቶት። ከዚያ ለወንድሜም እንደደወለለት ነገረኝ፤ መኪናውን መልሰው ብሎታል።

ተመራማሪው ጣሪያውን ሲያይ ቆየ፣ የማለቅሰውን እንዳላየ ለመምሰል።

አንድ ሰው ነው። ከአንድ ሰው ምንም አይደመደምም፤ ይህን ለስንቱ አስተምሬያለሁ።

አባቴ ደወለልኝ።