ሙያዋን ሲጠይቁኝ

ለልጄ ለመቅዲ፤ የመርጡለ ማርያሟ እመቤት በሰው አገር ጥላ ከለላ ትሁንሽ። እኛ ደኅና ነን፤ ገብሱም ጎተራ ገብቷል። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

እኅትሽ ሕሊና ለውጭ አገር ሥራ ስትመዘገብ አብሬያት ሄድኩ። መዝጋቢው «ሙያዋ ምንድን ነው?» ቢል፣ ቀደም ብዬ «ወጧ እጅ ያስቆረጥማል» አልኩት፤ ለአማት የምመልስ መስሎኝ! ለካ የተማረችውን ኤሌክትሪክ መጠየቁ ኖሯል። «ምግብ አብሳይ» ብሎ ጻፋት። እሷም ሰው ፊት እንዳላፍር ብላ ዝም አለች። ትናንት በዚያው በምግብ አብሳይነት የሥራ ጥሪ መጣላት።

አንቺ የምታጠኚው ሠራተኛን ከሥራ ስለማገናኘት አይደል? እንዴት እንደሚታረም ጠይቂልኝ፣ የኔ ልጅ። እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክልሽ። ብቻ ቶሎ ጻፊልኝ፤ ሽንኩርት እንኳ ስታቁላላ የምታሳርረው እኅትሽ፣ ይኸው ጓዳ ገብታ ወጥ እየተማረች ነው።