ለወንድሜ የለቀቅኩት ወንበር

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ ለአቶ ፍቅረየሱስ ላምቦሬ
ሆሳዕና

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ቅባት ትተውት እንደሆነ እማማ ትነግረኛለችና አይደብቁኝ። የእሷስ ደም ግፊት ረጋ? ናታን ለፈተናው እያጠና ነው ወይስ ኳስ ሜዳ ነው የሚውለው? ጎረቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የታመሙት፣ የወለዱት ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ጌታ ይመስገን፣ በጤናዬ ደህና ነኝ። እዚህ ኦሮራ በረዶው ሲጥል ያድርና በማግስቱ ይቀልጣል። ብርዱን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት አንገቴን ደፍቼ መሄድ ነው።

በስልክ ያልነገርኩዎት ወድጄ አይደለም። እርስዎ ስልክ ሲያነሱ ስፒከሩ ይከፈታል፤ ቤት የተገኘው ሁሉ «የፓርላማዋ ልጅ» እያለ ይመርቀኛል። በዚያ መሃል ምን ብዬ ልናገር? ወደ አገር ቤት የምትመጣ የቤተ ክርስቲያናችን እህት ይህን ታደርስልኛለች። እባክዎ ለብቻዎ ያንብቡት።

አባባ፣ እኔ የፓርላማ አባል አይደለሁም። የኮሎራዶ ምክር ቤት ዴንቨር ከተማ ነው ያለው፤ በየዓመቱ ከገና በኋላ ተከፍቶ በግንቦት ይዘጋል። እኔ የሰፈራችን ተወካይ ረዳት ነበርኩ። ተወካይዋ ባለፈው ኅዳር፣ ዘመናቸው ሳያልቅ፣ ሌላ ሥራ አግኝተው ለቀቁ። እንዲህ ሲሆን ሕዝቡ ወዲያው አይመርጥም፤ የወረዳው የፓርቲ ሰዎች አንድ አዳራሽ ተሰብስበው ምትኩን ይሰይማሉ። በዚህ የምክር ቤት ዘመን በዚህ መንገድ የገቡት ጥቂት አይደሉም። እኔም ተወዳደርኩ። ከተሰብሳቢዎቹ አብዛኞቹ ድምፃቸውን እንደሚሰጡኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር።

የገባሁበት ምክንያት አንድ ሕግ ነው። እዚህ ብዙዎቹ እናቶቻችን በአረጋውያን መጦሪያ ነው የሚሠሩት። በአውቶቡስ ተጉዘው በሩ ላይ ሲደርሱ «ዛሬ አታስፈልጊም» ተብለው ይመለሳሉ፤ ያ ቀን ባዶ ነው። እኛ ያረቀቅነው ሕግ ከበር የተመለሰ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ይከፈለው የሚል ነበር። እትዬ ብዙዬ የሚባሉ በኮልፋክስ መንገድ አጠገብ የሚኖሩ ሴት ናቸው ነገሩን መጀመሪያ የነገሩኝ።

ከስብሰባው በፊት በነበረው እሁድ ጋሽ ኃይሌ ሌሎች ሽማግሌዎች አስከትለው አፓርታማዬ መጡ። ያውቋቸዋል፤ አምና ሆሳዕና ቤታችን ምሳ የበሉት ናቸው። ወንበር ሳቀርብ «እሺ ሳትዪን አንቀመጥም» አሉ። የኢንሹራንስ ቢሮ ያለው ዳኛቸው ለዚያው ወንበር ይወዳደር ነበር፤ እንድለቅለት ነው የመጡት። «ሁለት አበሻ ሲፋጠጥ ሌላ ሰው ይወስደዋል። እሱ የልጆች አባት ነው፤ አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ትደርሺበታለሽ» አሉኝ። ዳኛቸውም ከኋላቸው ቆሞ «ኤልዱ፣ ያንቺን ሕግ እኔ ዳር አደርሰዋለሁ፤ በሽማግሌ ፊት ነው የምናገረው» አለ። እንቢ አልኩ። ጋሽ ኃይሌ ዳሌያቸውን እያመማቸው እንኳ አልተቀመጡም። ለእርስዎ ደወሉ። እርስዎም «ልጄ፣ ሽማግሌ አታቁሚ። እሺ በያቸው» አሉኝ። ምን እንደምለቅ ግን አልጠየቁኝም፣ አባባ።

እሺ አልኩ። ያኔ ተቀመጡ፤ ሻይ ጠጥተው መርቀውኝ ሄዱ። በአዳራሹ ማይክራፎኑን ይዤ «ድምፃችሁን ለወንድሜ ስጡልኝ» አልኩ። ሰጡት። በሳምንቱ የእኔን ጠረጴዛ ለዳኛቸው እህት ልጅ አስረክቢ ተባልኩ። አሁን ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ።

ይህንን ችዬው ነበር። ሕጉን ሌላ ተወካይ አቀረቡት፤ በሚመረምረው ኮሚቴ ውስጥ ግን ዳኛቸው ነበረ። እትዬ ብዙዬን ምስክርነት እንዲሰጡ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። «አለቃዬ ቢሰማስ?» ሲሉኝ «አይዞዎት፣ የራሳችን ሰው አለ፤ ወንድሜ ነው» አልኳቸው። የክት ነጠላቸውን ለብሰው መጡ። እሳቸው በአማርኛ ተናገሩ፣ እኔ አስተረጎምኩ። ተወካዮቹ በትሕትና አመሰገኗቸው። ከዚያ አንዱ ሕጉ ላልተወሰነ ጊዜ ይቆይ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። እዚያ ቤት ሕግ የሚቀበረው እንዲህ ነው፤ ቀባሪው «የስ» ይላል። ስማቸው በየተራ ተጠራ። የዳኛቸው ድምፅ ወሳኝ ነበር። «የስ» አለ።

እትዬ ብዙዬ ያቺን ቃል ያውቋታል፤ «አዎ» ማለት ናት። ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሄደው ዳኛቸውን አቀፉት፣ ግንባሩን ሳሙት። እሱም ዝም ብሎ ተሳመ! «እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ» አላቸው። በኮሪደሩ ስይዘው ደግሞ «አትናደጂ፣ የመጦሪያዎቹን ባለቤቶች አስቀይሜ በሰኔ እንዴት ልመረጥ? ፖለቲካ ነው» አለኝ።

ነገሩን መኪና ውስጥ ነገርኳቸው። «ታዲያ የሳምኩት ለምኑ ነው?» አሉ። ቀጥለውም «አንቺ ነሽ እኮ ወንድሜ ነው ያልሽኝ» አሉኝ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የሥራ ቀናቸው ተቀነሰ። ማን እንደቀነሰባቸው እናውቃለን፤ ምስክርነቱ ላይ ማን እንደወሰዳቸውም እኔ አውቃለሁ።

በሰኔ በሚደረገው የፓርቲው ምርጫ ከዳኛቸው ጋር ልወዳደር ወስኛለሁ። ለዚያ የመራጮች ፊርማ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የእትዬ ብዙዬን በር አንኳኳሁ። ከፍተው አስገቡኝ፤ ግን አልፈረሙም። «ሽማግሌ ሲመጣብሽስ?» አሉኝ።

ሽማግሌዎቹም መጡ። ጋሽ ኃይሌ አሁንም «ወንድምሽን አታዋርጂ፤ እሺ ሳትዪ አንቀመጥም» አሉ። አባባ፣ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት፤ እነሱ ቆመው እኔ ተቀመጥኩ። «በፊታችሁ የሰጠኝን ቃል የበላውን ሰው አንድ ቀን እንኳ ጠርታችሁ ጠይቃችኋል?» አልኳቸው። ጋሽ ኃይሌ «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የእርስዎን ስም ጠርቼ ነገርኳቸው። ሳይቀመጡ ወጡ። በመስኮት ሳያቸው አንዱ ደግፏቸው በበረዶው ላይ በቀስታ ይራመዱ ነበር። ያን ሳይ አለቀስኩ።

ይደውሉልዎታል። እርስዎ የሰው ጠብ ሲያበርዱ የኖሩ ሽማግሌ ነዎት፤ «ልጅህ ሽማግሌ አቁማ ተቀመጠች» ሲባሉ ምን እንደሚሰማዎት ይገባኛል። ስላሳፈርኩዎት ይቅር ይበሉኝ። ስለመወዳደሬ ግን ይቅርታ አልጠይቅም። መጀመሪያ እሺ ያልኩት ያሳፍረኛል፤ ኋላ የተቀመጥኩትም ያሳፍረኛል። ከሁለቱ ግን የኋለኛውን ይዤ መኖር እችላለሁ። እንዲከራከሩልኝ አልለምንዎትም። አንድ ነገር ብቻ፣ «ልቀቂ በላት» ብለው ሲለምኑዎት፣ በዚህ ጊዜ ምን እንደምለቅ መጀመሪያ ይጠይቋቸው።

ለእማማ ሁለት ጉንጯን ሳሙልኝ፤ ደብዳቤውን ለእሷ ቢያነቡላት ቅር አይለኝም። ናታን በርታ፤ ለጓደኞችህም እህቴ ፓርላማ ገና አልገባችም በላቸው። አቢጊያ ትንሿ አድጋ ይሆናል፣ ፎቶዋን ላኩልኝ። አያቴን እጃቸውን እስማለሁ። ጎረቤቶቻችንን በየስማቸው ሰላም በሉልኝ። አባባ፣ እርስዎን ከሁሉም አብልጬ እሰናበትዎታለሁ፤ ቢቆጡኝም ጸሎትዎን አይንፈጉኝ።

የሚያከብርዎት ልጅዎ
ኤልዳና ፍቅረየሱስ
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
የካቲት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.